መንጠቆ ወይስ መረብ? ለወንዝና ለግድብ ውሃ የሚስማማ የዓሣ ማጥመጃ አመራረጥ

ማስገር የሚጀምር ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው «የትኛው ብዙ ይይዛል?» ብሎ ነው። መልሱ መረብ ስለሚሆን ያለውን ገንዘብ መረብ ላይ ያፈሳል። ወንዝ ላይ ዘርግቶት ያድራል፤ ሌሊት የመጣ ግንድ ጠቅልሎ ይወስደዋል። መቅደም ያለበት ጥያቄ ሌላ ነው፦ ውሃው ይሄዳል ወይስ ቆሟል? ከዚያ ደግሞ በዚያ ውሃ ውስጥ ያለው ዓሣ ምንድን ነው? እነዚህ ሁለቱ ከተመለሱ የማጥመጃው ምርጫ ግማሹ አልቋል። በአጭሩ የምንመክረው ለወንዝ መንጠቆ፣ ለግድብ መረብ ነው። ከዚህ ውጪ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ እሱንም በየቦታው እንጠቅሳለን።

ውሃውን ማወቅ

የሚሄድ ውሃ መረብን ያስተኛል። መረቡ እንደ ግድግዳ መቆሙ ቀርቶ እንደ ብርድ ልብስ ሲነጠፍ ዓሣው ከበላዩ ያልፋል። በላዩ ላይ ቅጠልና ጭራሮ ይሰበሰብበታል፤ በተሰበሰበ ቁጥር ውሃው የበለጠ ይገፋዋል፤ በመጨረሻ ገመዱ ይበጠሳል። ባሮ ወይም አዋሽ በክረምት ሲሞላ መረብ መዘርጋት መረቡን እንደ መጣል ነው። ወንዝ ላይ መረብ የሚሠራው በበጋ፣ ውሃው ተንጣሎ በሚቆምበት ጥግ ወይም ከዋናው ወራጅ በተለየ ኩሬ ላይ ብቻ ነው። ያኔም መረቡ ወራጁን የሚያቋርጥ ሳይሆን አብሮት የሚሄድ ሆኖ መዘርጋት አለበት።

ግድብ ሁሉ ደግሞ አንድ አይደለም። አዋሽ ላይ እ.ኤ.አ. በ1960 የተሠራው የቆቃ ግድብ ሐይቅ ጥልቀቱ ብዙ አይደለም፤ ውሃውም ድፍርስ ነው። በድፍርስ ውሃ ዓሣው ክሩን ስለማያይ መረቡ ቀንም ይይዛል። ተከዜ ሌላ ነው። ግድቡ 188 ሜትር ከፍታ ያለው፣ ጠባብ ሸለቆ ውስጥ የቆመ ስለሆነ የሐይቁ ዳር ገደላማ ነው፤ ከዳር ጥቂት እንደራቁ ጥልቀቱ ይጀምራል። ቆሮሶ፣ ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ፣ የሚውለው ጥልቀቱ ትንሽ በሆነው ዳር ላይ ነው። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ውሃ መሀል ላይ ሁለት ሜትር ቁመት ያለው መረብ ከታች ቢዘረጉ ባዶውን ይወጣል። መፈለግ ያለበት ትንንሽ ጅረቶች የሚገቡበት ጥግ፣ መሬቱ ቀስ እያለ የሚጠልቅበት ቦታ ነው።

የግድብ ውሃ ከፍ ዝቅ ይላል። በበጋ ዳሩ ይሸሻል፣ ባለፈው ወር ጥሩ የነበረው ቦታ ጭቃ ሆኖ ይገኛል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ውሃው ተመልሶ ሲሞላ ቁጥቋጦውን ያሰጥማል፤ የዓሣ ጫጩት እዚያ ይሸሸጋል፣ መረብም እዚያ ይቀደዳል። መረብ ከመጣልዎ በፊት ረጅም ዘንግ ይዘው ወለሉን መነካካት አሥር ደቂቃ ቢወስድ ነው። ጉቶ ካለ ዘንጉ ይነግርዎታል።

እምቦጭ ያለበት ውሃ ላይ፣ ቆቃም ይሁን ጣና፣ ንፋስ እምቦጩን ገፍቶ መረቡ ላይ ይጭነዋል። ጠዋት ተንሳፋፊዎቹ ከጠፉ መረቡ ተሰርቆ ላይሆን ይችላል፤ እምቦጩ ሥር ይፈልጉት። ማታ ንፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ አይተው እምቦጩ በማይገፋበት በኩል መዘርጋት ይሻላል።

የሚይዙት ዓሣ ማን ነው?

አምባዛ የመንጠቆ ዓሣ ነው። ዓይኑ ደካማ፣ ማሽተቱ ብርቱ ነው፤ ሌሊት በጢሙ እየዳሰሰ ወለል ለወለል ይሄዳል፤ ያገኘውን ይበላል። መረብ ውስጥ ሲገባ ግን ራሱን እየጠቀለለ ክሩን ያጠነጥነዋል። አንድ ትልቅ አምባዛ ለማውጣት ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ መረቡም በቢላዋ መቆረጡ አይቀርም።

ቆሮሶ በተቃራኒው የመረብ ዓሣ ነው። ዋና ምግቡ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ አረንጓዴ ነገር ስለሆነ መንጠቆ ላይ ያለ ሥጋ ብዙም አያጓጓውም። በመንጠቆ ይያዛል፤ ነገር ግን በትንሽ መንጠቆ፣ በሊጥ ወይም በትል፣ በትዕግሥት። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። የቆሮሶ እናት እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ ትቆያለች፤ በዚያ ጊዜ አትበላም። ስለዚህ መንጠቆ አይነካትም። መረብ ግን አይለይም፤ ስትያዝ በአፏ ያለውን ሁሉ ትተፋዋለች። ትንሽ ውሃ ላይ ጥቂት ሰው ብቻ የሚያሰግር ከሆነ ይህ ብቻውን መንጠቆን ለመምረጥ በቂ ምክንያት ነው ብለን እናምናለን።

ቆቃ ላይ ካርፕም አለ። ጭቃ እየቆፈረ የሚበላ ስለሆነ ወለል ላይ የተቀመጠ ሊጥ ወይም የተቀቀለ በቆሎ ይወስዳል። ጀርባው ላይ ያለው እሾህ እንደ መጋዝ ጥርስ ስላለው መረብ ሲነካ ይጠላለፋል፤ ለመፍታት ቀስ ማለት ያስፈልጋል።

ባሮ ላይ ናይል ፐርች የሚፈልግ ሰው ስለ ቆሮሶ ክር ይርሳ። ይህ ዓሣ ሌላ ዓሣ እየበላ የሚያድግ፣ ከ100 ኪሎ በላይ ሊደርስ የሚችል ነው። ውፍረቱ ከ0.70 ሚሊ ሜትር ያላነሰ ክር፣ በሕይወት ያለ ትንሽ ዓሣ ለማጥመጃ፣ ለእጅም የቆዳ ጓንት ያስፈልጋል። ክሩን እጅ ላይ መጠቅለል ክልክል ነው፤ ዓሣው ሲነጥቅ ጣት ይቆርጣል።

ነጭ ዓሣ፣ በስምጥ ሸለቆው በኩል ቢልጫ የሚሉት፣ ለብቻው ይቆይ። ስለ እሱ ከታች እንመለስበታለን።

የእጅ ክርና የሸምበቆ ዘንግ

ከሁሉም ርካሹ ይህ ነው፤ ለጀማሪም ለወንዝም የመጀመሪያ ምርጫችን ነው። ለቆሮሶ ከ3 እስከ 4 ሜትር የሚሆን የሸምበቆ ዘንግ፣ ቁመቱ ከዘንጉ ጋር እኩል የሆነ 0.25 ወይም 0.30 ሚሊ ሜትር ክር፣ ትንሽ ተንሳፋፊ፣ አንዲት ቅንጣት እርሳስ፣ አንድ መንጠቆ። የመንጠቆው ጫፍ ከእግሩ፣ ክሩ ከሚታሰርበት ቀጥ ያለ ክፍል፣ የሚርቀው ከ5 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ይሁን። ለአምባዛ ይህ ርቀት ከ12 እስከ 15 ይሆናል፤ ክሩም 0.50 ይሁን። መንጠቆ በቁጥር ሲገዙ ይጠንቀቁ፤ ብዙውን ጊዜ ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው ያንሳል፤ አንዱ ፋብሪካ 8 የሚለው ከሌላው 8 ጋር አይገጥምም። ማስመሪያ ይዞ መሄድ ነው።

ዘንግ ከሌለ ክሩን ሃይላንድ ላይ ይጠቅልሉት። ሲወረውሩ የሃይላንዱን አንገት ወደ ውሃው ያዙሩት፤ ክሩ ከአንገቱ በኩል እየተንሸራተተ ይወጣል። በጎኑ ከያዙት ክሩ አይለቅም፤ እርሳሱ ተመልሶ ወደ ራስዎ ይመጣል።

ሪል፣ ማለትም ክር መጠቅለያ፣ ያለው ዘመናዊ ዘንግ ሩቅ ለመወርወርና ትልቅ ዓሣ ለማድከም ይጠቅማል። ነገር ግን ሲሰበር መለዋወጫው በቀላሉ አይገኝም። ለመዝናናት ለሚያሰግር ጥሩ ነው፤ ለእንጀራ ለሚያሰግር ግን ያንኑ ገንዘብ ሌላ ላይ ቢያውለው ይሻለዋል።

ዓሣው ነክሶ የሚያመልጥ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የመንጠቆው ጫፍ ነው። የአውራ ጣትዎ ጥፍር ላይ ቀስ አድርገው ይጎትቱት፤ ከተንሸራተተ ደንዟል፣ ከያዘ ስለት አለው። በትንሽ ሞረድ ሦስት ጊዜ ቢያሹት ይድናል።

ባለ ብዙ መንጠቆ ገመድ

ሎንግ ላይን የሚሉት ይህ ነው። አምባዛ በብዛት ለሚፈልግ ሰው፣ ወንዝም ይሁን ግድብ፣ ከመረብ ይበልጣል ብለን በሙሉ ልብ የምንመክረው ነው። አንድ ዋና ገመድ ይዘረጋል፤ በየሁለት ሜትሩ የመንጠቆ ክር ይንጠለጠልበታል። ለ100 መንጠቆ 200 ሜትር ገመድ ይበቃል። የሚንጠለጠለው ክር ከ40 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ለምን? የሁለት ጎረቤት ክሮች ርዝመት ተደምሮ በመካከላቸው ካለው ርቀት ካነሰ መንጠቆዎቹ አይጠላለፉም። ይህን የማይጠብቅ ሰው ሌሊቱን ሲፈታ ያድራል።

ለማጥመጃ ከነቆዳው የተቆረጠ የዓሣ ሥጋ፣ የ3 ሴንቲ ሜትር ቁራጭ፣ ይሻላል። ጉበትና የዶሮ አንጀት ሽታቸው ይስባል፤ ሆኖም ለስላሳ ስለሆኑ ትንንሽ ዓሦች ለቅመው ይጨርሷቸዋል፤ ጠዋት ባዶ መንጠቆ ያወጣሉ። ቆዳው መንጠቆውን ጨብጦ ይይዛል።

ግድብ ላይ ገመዱ በሁለቱም ጫፍ በድንጋይ ይታሰር፤ ከየድንጋዩም ወደ ላይ የሚታይ ተንሳፋፊ ይውጣ። ወንዝ ላይ አንዱን ጫፍ ከዳር ዛፍ አስረው ሌላውን በድንጋይ ወራጁ ወደሚሄድበት በሰያፍ ይልቀቁት፤ ቀጥ አድርገው ወንዙን አያቋርጡት። ሲመሽ ይጣሉ፤ ከተቻለ ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ አንዴ ይቃኙት፤ ጎህ ሲቀድ ያውጡት። አዞ ባለበት ወንዝ የተያዘ አምባዛ ሲንደፋደፍ ቢያድር አዞውን ይጠራል፤ እዚያ ሌሊት ለመቃኘት ውሃ ዳር መውረድ አይሞከርም።

አምባዛ ከውሃ ወጥቶም አየር ስለሚተነፍስ ለሰዓታት ይቆያል። ለመያዝ ከደረቱ ክንፎች ኋላ በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት ጨምቁት። በሁለቱም ክንፍ ፊት ለፊት ጠንካራ እሾህ አለ፤ ሲደነግጥ ቀጥ አድርጎ ይቆልፈዋል። የሚወጋው ያ ነው እንጂ ጢሙ አይደለም።

ቋሚ መረብ

ጊልኔት የሚባለው ይህ ነው፤ በግድብ ላይ ቆሮሶ ለሚያሰግር ማኅበር ዋናው መሣሪያ ነው። ብዙ ገንዘብ የሚበላውም፣ ብዙ ስህተት የሚሠራበትም ስለሆነ ረዘም አድርገን እናያለን።

መጀመሪያ ዓይኑ። የመረብ ዓይን የሚለካው ተወጥሮ ነው። አንድ ዓይን ሁለቱን ተቃራኒ ቋጠሮዎች ይዘው ይሳቡት፤ ከቋጠሮ እስከ ቋጠሮ ያለው ርዝመት ልኩ ነው። ሻጩ የአንዱን ጎን ብቻ ለክቶ «5 ነው» ቢል ሲወጠር 10 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ስለዚህ የትኛውን እንደለካ ይጠይቁ። ለቆሮሶ ዓይኑ የሚይዘው ዓሣ በግምት የዓይኑን ሁለት እጥፍ ከጥቂት ትርፍ ጋር ያህላል፦ 8 ሴንቲ ሜትር ዓይን 18 ገደማ የሚሆን ዓሣ፣ 10 ሴንቲ ሜትር ዓይን 22 ገደማ። እኛ ከ10 በታች አንመክርም። ትንሹ ዓይን በመጀመሪያው ሳምንት ብዙ ራስ ይቆጥራል፤ ግን ፊሌቶ ሲወጣ ምንም የለውም። ጥሩ ቆሮሶ እንኳ ለአንድ ኪሎ ፊሌቶ ወደ ሦስት ኪሎ ዓሣ ይጠይቃል።

ክሩ ቀጭን ሲሆን ይይዛል፣ ወፍራም ሲሆን ይቆያል። ለንጹሕ ወለል 210/4፣ ጉቶና አምባዛ ለሚበዛበት 210/6 የሚባለውን የናይለን ክር እንላለን፤ ሁለተኛው ቁጥር ሲጨምር ክሩ ይወፍራል። ሞኖ የሚባለው እንደ ብርጭቆ የሚያሳልፈው ነጠላ ክር ርካሽ ነው፤ በደንብም ይይዛል። ችግሩ ቶሎ መበጣጠሱና ለመጠገን አለመመቸቱ ነው። ከተቆረጠና ወለል ላይ ከቀረም ማንም ሳያነሳው ዓሣ እየያዘ ይቆያል። አንገዛውም፤ እናንተም አትግዙት።

አሁን ወደ አሰቃቀሉ። 100 ሜትር መረብ 100 ሜትር ገመድ ላይ ቢታሰር ተወጥሮ ዓይኑ ይዘጋል፤ ምንም አይይዝም። 100 ሜትሩ በ50 ሜትር ገመድ ላይ ይሰቀላል። ዓይኑ 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነ በየሦስት ዓይኑ አንድ ቋጠሮ፣ በቋጠሮና በቋጠሮ መካከልም 15 ሴንቲ ሜትር ገመድ ማለት ነው። ጠቅላላው 333 ቋጠሮ ይሆናል። ገመዱ ላይ አስቀድሞ በየ15 ሴንቲ ሜትሩ በከሰል ምልክት ማድረግ ሥራውን ያፈጥነዋል። ቁመቱ 25 ዓይን የሆነ መረብ ተወጥሮ 2.5 ሜትር ቢሆንም እንዲህ ሲሰቀል ውሃ ውስጥ የሚቆመው ወደ 2.2 ሜትር ነው።

በየአሥር ቋጠሮው ከላይ አንድ ተንሳፋፊ፣ ከታች አንድ ክብደት ይደረጋል። ለተንሳፋፊ ከአሮጌ ነጠላ ጫማ የተቆረጠ ስፖንጅ ይሆናል። ለክብደት ያረጀ ካንዴላ ወይም ትልቅ ዳዶ ይበቃል። ሚዛኑን ለማወቅ አንድ ተንሳፋፊና አንድ ክብደት በአጭር ክር አስረው ባልዲ ውሃ ውስጥ ይጣሏቸው። ቀስ ብለው ከሰጠሙ መረቡ ወለል ላይ ይቆማል። ከተንሳፈፉ መረቡ ከላይ ይቀራል፤ ንፋስ ይወስደዋል። ድንጋይ እንደመሰሉ ከወረዱ ደግሞ መረቡ ጭቃ ውስጥ ይተኛል።

ፀሐይ ስትጠልቅ ይጣላል፤ ጎህ ሲቀድ ይወጣል። ሙሉ ጨረቃ ሆኖ ውሃው የጠራ ከሆነ ዓሣው መረቡን ስለሚያይ የሚያዘው ይቀንሳል፤ እነዚያን ሌሊቶች ለጥገና ይጠቀሙባቸው። መረቡን ቀን እስኪሞቅ መተው ኪሳራ ነው። ሌሊት የሞተ ዓሣ በሞቀ ውሃ ውስጥ ሲቆይ ሥጋው ይልማል፤ ገዢ ስንጥቡን፣ ዓሣው የሚተነፍስበትን፣ ገልጦ ሲያይ ደም መምሰሉ ቀርቶ ቡናማ ሆኖ ያገኘዋል። በዚህ በኩል መንጠቆ ይበልጣል፦ ዓሣው በሕይወት ይወጣል፣ ወዲያው ይታረዳል፣ ሆዱ ይጸዳል። የመረብ ዓሣ ለአዲስ አበባ ገበያ የሚሄድ ከሆነ ለአንድ ኪሎ ዓሣ አንድ ኪሎ በረዶ ያስቡ፤ በሁዳዴ ገበያው ሲደራ በረዶው አስቀድሞ መያዝ አለበት።

ቆሮሶን ከመረብ ሲያወጡ ወደ ኋላ አይሳቡት፤ ስንጥቡና የጀርባ እሾሁ ክሩን ይይዛሉ። እጅዎን ከራሱ ወደ ጅራቱ በኩል አንሸራተው እሾሁን ያስተኙ፤ በቀጭን እንጨት ክሩን ከስንጥቡ ሥር ያንሱ፤ ከዚያ ይዋኝበት በነበረው አቅጣጫ ወደ ፊት ይግፉት። መረቡን በውሃ ካጠቡ በኋላ ጥላ ላይ ያድርቁት፤ ፀሐይ ናይለንን ታደርቀዋለች።

ሌሎቹ

ተወርዋሪ መረብ፣ ክብ ሆኖ የሚዘረጋው፣ ጥልቀቱ ከወገብ ባልበለጠ ውሃ ጥሩ ነው። ወንዝ ከሙላቱ ሲመለስ በየሜዳው የቀረ ኩሬ ላይ ይሠራል። መወርወሩን ሣር ላይ መለማመድ ይቻላል። ነገር ግን ዳር ውሃ ውስጥ ለሰዓታት መቆም ቢልሃርዝያ ባለበት አካባቢ፣ ጣናንም ጨምሮ፣ በሽታ መግዛት ነው፤ ረጅም ቦት ጫማ ከሌለ ይቅር።

ጎታች መረብ፣ ብዙ ሰው ከዳር ሆኖ የሚስበው፣ የቆሮሶን ጎጆ ከወለሉ ጠርጎ ጫጩቱን ከነእናቱ ያወጣል። ለአንድ ቀን ብዙ ዓሣ ይሰጣል። አንመክረውም።

የብርብራ ዛፍ ፍሬ ወቅጦ ውሃ ውስጥ መበተን ጭራሹን ምርጫ አይደለም። ፍሬው ትልቁንም ትንሹንም ዓሣ ይገድላል፤ ያው ውሃ የሰውና የከብት መጠጥ ነው። ፈንጂም እንዲሁ።

ነጭ ዓሣና ክረምት

የጣና ነጭ ዓሦች ከሌላ ቦታ የማይገኙ ብዙ ዝርያዎች አሏቸው። ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ የመሳሰሉ ወንዞች ይወጣሉ። በወንዙ አፍ ላይ መረብ የጣለ ሰው በአንድ ሌሊት ብዙ ይይዛል፤ የሚይዘው ግን እንቁላል የተሸከመውን ነው። ቁጥራቸው የቀነሰበት አንዱ ዋና ምክንያት ይህ ነው። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ከወንዝ አፍ መረብ ይራቅ፤ በዚያ ጊዜ ለአምባዛ ባለ ብዙ መንጠቆውን ሐይቁ ላይ መጣል ይቻላል። የፌዴራሉ የዓሣ አዋጅ ቁጥር 315/1995 ነው፤ ፈቃዱና ዝርዝሩ በየክልሉ ስለሚወሰን መረብ ከመግዛትዎ በፊት ወረዳው የእንስሳትና ዓሣ ጽሕፈት ቤት ሄደው የሚፈቀደውን የዓይን ልክ ይጠይቁ።

በምን ላይ ሆነው ያሰግራሉ?

የእጅ ክር ጀልባ አይፈልግም። ባለ ብዙ መንጠቆና ቋሚ መረብ ይፈልጋሉ። የደንገል ታንኳ ርካሽ ነው፤ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከሥራ በኋላ ቆሞ መድረቅ አለበት፤ እንዲያም ሆኖ ዕድሜው አጭር ነው። በካላማዳሪ ላይ ተቀምጦ መረብ መጣል በየቦታው ይታያል፤ ጉማሬ ባለበት ቆቃም ሆነ አዞ ባለበት ባሮ እግር ውሃ ውስጥ እያንጠለጠሉ መሄድ ነው፤ ገንዘብ ባይኖር እንኳ የእጅ ክር ይዞ ከዳር መቅረት ይሻላል። የእንጨት ወይም የፋይበር ጀልባ ሦስትና አራት ሰው ተጋርቶ ቢገዛው ያዋጣል።

ከግድብ በታች በወንዝ ዳር የሚያሰግር ደግሞ ውሃ በድንገት ሊለቀቅ እንደሚችል ያስብ። እግርዎ አጠገብ ውሃው ጠርዝ ላይ አንድ ነጭ ድንጋይ ያስቀምጡ፤ ድንጋዩ መሸፈን ከጀመረ ክሩን ጠቅልለው ወዲያው ወደ ላይ ይውጡ።